ከግራንድማስተር የሚበልጥ የቼዝ ኢንጂን ይዛችሁ ለምን አትሻሻሉም? የራሳችሁን ጨዋታ በስቶክፊሽ የመመርመሪያ ዝርዝር መመሪያ

ጨዋታው አለቀ፤ ተሸነፋችሁ። ወዲያው የትንተናውን ቁልፍ ትጫናላችሁ። ቀይ ምልክት ያለባቸውን እርምጃዎች ታያላችሁ፤ "አሃ፣ እዚህ ጋ ነው የተበላሸው" ብላችሁ ትዘጉታላችሁ። በሳምንቱ ያንኑ ስህተት ትደግሙታላችሁ። ብዙ ሰው ኢንጂን (እርምጃዎችን የሚያሰላ የቼዝ ፕሮግራም) የሚጠቀመው እንዲህ ነው። ሬቲንጉ (የጥንካሬ ነጥቡ) አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ የሚቀረውም ለዚህ ነው።

ስቶክፊሽ የተባለው ነፃ ኢንጂን መልሱ መጨረሻ ገጽ ላይ የታተመ የሂሳብ መጽሐፍ ነው። መልሱን ቀድሞ ያየ ተማሪ ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ። ይህ መመሪያ ገጹን መቼ መግለጥ እንዳለባችሁና ከገለጣችሁ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

መጀመሪያ፦ ከማን ጋር እንደተቀመጣችሁ እወቁ

ጥቂት ቁጥሮች ይበቃሉ። በ1997 ዲፕ ብሉ የተባለው ማሽን የወቅቱን የዓለም ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን 3.5 ለ 2.5 ሲያሸንፍ ትልቅና ልዩ ኮምፒውተር ያስፈልግ ነበር። በ2005 ሃይድራ የተባለው ማሽን ግራንድማስተር ማይክል አዳምስን ለንደን ላይ 5.5 ለ 0.5 ረታው። በ2006 ቦን ላይ የወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን ቭላድሚር ክራምኒክ በዲፕ ፍሪትዝ ኢንጂን 4 ለ 2 ተሸነፈ። በሁለተኛው ጨዋታ በአንድ እርምጃ የሚመጣ ቼክሜት አምልጦት ነበር። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ግጥሚያ ትርጉም አጣ። በ2016 ግራንድማስተር ሂካሩ ናካሙራ ኮሞዶ የተባለውን ኢንጂን የገጠመው ማሽኑ ከመነሻው ጠጠር ወይም እርምጃ እየለቀቀለት ነው። እንዲያም ሆኖ 2.5 ለ 1.5 ተሸነፈ።

ዛሬ ስልካችሁ ላይ ያለው ስቶክፊሽ ከእነዚህ ሁሉ ይበረታል። የማግኑስ ካርልሰን ከፍተኛ ሬቲንግ በ2014 የደረሰበት 2882 ነው። የኢንጂኖች ዝርዝር ላይ ከ3500 በላይ የሆኑ ቁጥሮች ታያላችሁ። ሁለቱን ግን በቀጥታ አትቀንሱ፤ የኢንጂኖቹ ቁጥር የሚሰላው እርስ በርስ ከሚያደርጉት ጨዋታ ነው።

ለእናንተ ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ኢንጂኑ "ጠጠር ታጣለህ" ካላችሁ አትከራከሩት። ሁለተኛ፣ የሚመክራችሁ እርምጃ የሚሠራው ቀጥሎ ያሉትን አሥር እርምጃዎች እንደ እሱ ለሚያይ ተጫዋች ነው። እናንተ አታዩም፤ ክራምኒክም አያይም። ስለዚህ መልሱን ወደ ሰው ልክ መመለስ የእናንተ ሥራ ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የሊቼስ (የቼዝ ድረ ገጽ) አካውንት። ነፃ ነው፤ ትንተናውም አይከፈልበትም።
- ኢንተርኔት ከተቆራረጠባችሁ የሊቼስ የስልክ መተግበሪያ ወይም አንድሮይድ ላይ ድሮይድፊሽ። ሁለቱም ስቶክፊሽን ስልኩ ላይ ስለሚያስኬዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። በብሮውዘር የምትጠቀሙ ከሆነ ትልቁ የኢንጂን ፋይል ብዙ ሜጋባይት ይበላል፤ ዋይፋይ ስታገኙ አንዴ አውርዱት።
- ደብተርና እስክሪብቶ። የስልክ ማስታወሻ አይደለም። ስልኩን ከነካችሁት ኢንጂኑን ትከፍቱታላችሁ።
- ለአንድ ጨዋታ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት።

ደረጃ 1፦ ጨዋታውን ምረጡ

1. የተሸነፋችሁበትን ወይም በግድ አቻ የወጣችሁበትን ምረጡ።
2. ለእያንዳንዱ ተጫዋች ቢያንስ 10 ደቂቃ የተሰጠበት ይሁን። የ3 ደቂቃ ብሊትዝ ላይ የምታገኙት ስህተት የሰዓት እንጂ የአስተሳሰብ አይደለም።
3. በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጨዋታ ይበቃል። በቀን አምስት እመረምራለሁ የሚል ሰው አንዱንም አይመረምርም።

ካፌ ወይም ክለብ ውስጥ በቦርድ የተጫወታችሁት ከሆነና እርምጃዎቹን ካልመዘገባችሁ፣ ሳይረሳችሁ ወሳኝ የነበረውን ቦታ ፎቶ አንሱ ወይም ጻፉ። በኋላ በሊቼስ የቦርድ ማስተካከያ ጠጠሮቹን ደርድሩ። ተጠንቀቁ፦ ተራው የማን እንደሆነና ካስትሊንግ ይፈቀድ እንደሆነ በትክክል ምረጡ። አንዱን ከሳታችሁ ኢንጂኑ ስለሌላ ቦታ ነው የሚያወራችሁ።

ደረጃ 2፦ ኢንጂኑን ዘግታችሁ ጨዋታውን አንብቡ

ሰዎች የሚዘሉት ይህን ደረጃ ነው። ጥቅሙ ሁሉ ያለውም እዚህ ነው።

1. ጨዋታውን በትንተና ቦርድ ላይ ክፈቱ። የኢንጂኑ ማብሪያ ጠፍቶ መሆኑን አረጋግጡ። የኮምፒውተር ትንተናም ገና አትጠይቁ። ቀድሞ ተጠይቆ ከሆነ ኮምፒውተር ላይ ዜድ የሚለውን ፊደል ስትጫኑ ምልክቶቹ ይደበቃሉ።
2. ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ እለፉ። "እዚህ ጋ ነገሩ ተቀየረ" የምትሉባቸውን ከሦስት እስከ አምስት ቦታዎች ምልክት አድርጉ። ፍንጭ ከፈለጋችሁ የሰዓቱን መዝገብ እዩ። ብዙ ደቂቃ ያቃጠላችሁበት እርምጃ ግራ የተጋባችሁበት ነው።
3. በእያንዳንዱ ቦታ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምን ፈልጌ ነው ይህን የተጫወትኩት? ተጋጣሚዬ ምን ሊያደርግ ነው ብዬ አሰብኩ? ሌላ ምን አማራጭ አየሁ?
4. አሁን፣ በጨዋታው ሳይሆን አሁን፣ ምን ትጫወቱ ነበር? እሱንም ጻፉ። ከቻላችሁ ቀጣዮቹን ሦስት እርምጃዎች ጨምሩ።
5. መጨረሻ ላይ ፍርዳችሁን አስቀምጡ፦ "ነጭ ይሻላል"፣ "እኩል ነው"፣ "ጥቁር እያለቀለት ነው"።

"ምን እንዳሰብኩ አላስታውስም" ካላችሁ እንዳለ ጻፉት። ሳታስቡ ነው የተጫወታችሁት ማለት ነው፤ ይህም ራሱ ግኝት ነው።

ተጠንቀቁ፦ "አንዴ ብቻ ልይ" ብላችሁ ኢንጂኑን ከከፈታችሁ ጨዋታውን ተዉት፤ ሌላ ምረጡ። መልሱን ካያችሁ በኋላ "እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር" ማለት በጣም ቀላል ነው።

ደረጃ 3፦ ኢንጂኑን አብሩ፤ ቅንብሩን አስተካክሉ

1. የሚታዩት መስመሮች ብዛት 3 ይሁን። አንድ መስመር ብቻ ካያችሁ ምርጡን እርምጃ ታውቃላችሁ እንጂ ከሁለተኛው በምን ያህል እንደሚሻል አታውቁም።
2. ጥልቀት የሚለውን ቁጥር (ኢንጂኑ ምን ያህል ወደፊት እንዳየ) ተከታተሉ። ቢያንስ 20 እስኪደርስ ምንም አትወስኑ። ውጊያ የበዛበት ቦታ ላይ ከዚያም በላይ ጠብቁ፤ አጠገቡ ያለችው የመደመር ምልክት ፍለጋውን ታስቀጥላለች።
3. ስልካችሁ ከጋለ ኢንጂኑ የሚጠቀምባቸውን የፕሮሰሰር ክሮች ወደ አንድ ወይም ሁለት ቀንሱ። ቀርፈፍ ይላል እንጂ ፍርዱ አይበላሽም።
4. ምልክት ወዳደረጋችሁባቸው ቦታዎች ብቻ ሂዱ። መላውን ጨዋታ እንደ ፊልም አታሳልፉ።

ደረጃ 4፦ ቁጥሩን በትክክል አንብቡ

ኢንጂኑ ማን እንደሚሻል የሚናገረው በየመስመሩ አጠገብ ባለው ቁጥር ነው። ሊቼስ ላይ የመደመር ምልክት ሁልጊዜ ለነጭ፣ የመቀነስ ምልክት ሁልጊዜ ለጥቁር ነው። ጥቁር ሆናችሁ ተጫውታችሁ +3 ስታዩ አትደሰቱ። አንዳንድ ፕሮግራሞች ግን ቁጥሩን ከባለ ተራው አንጻር ነው የሚያሳዩት። ካላወቃችሁ አንድ ንግሥት ቦርዱ ላይ የጎደለችበት ቦታ አስቀምጡና ተራውን እየቀያየራችሁ ሞክሩት።

+1 ማለት "አንድ ወታደር ትርፍ" ማለት ነው ተብላችሁ ከሆነ እርሱት። ከስቶክፊሽ 15.1 ጀምሮ +1 ማለት ኢንጂኑ ከራሱ ጋር ቢጫወት ያ ወገን የማሸነፍ ዕድሉ 50 በመቶ ገደማ ነው ማለት ነው። ከራሱ ጋር ቢጫወት። በእናንተ ደረጃ +1 የትም ሊሄድ ይችላል።

በተግባር እንዲህ ያዙት፦

- በ+0.1 እና በ+0.4 መካከል ያለውን ልዩነት አትቁጠሩት። ለዚህ ሲባል ኦፕኒንግ (የጨዋታ አጀማመር) የሚቀይር ሰው ጊዜውን ነው የሚያባክነው።
- +9 ወደ +5 መውረዱም ምንም አይደለም። ሁለቱም ያሸነፈ ቦታ ነው።
- 0.00 "ቀላል እኩልነት" አይደለም። የመጀመሪያው መስመር 0.00፣ ሁለተኛው −4 ከሆነ የሚያድናችሁ እርምጃ አንድ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ከተሸነፋችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። ስህተቱ ከዚያ በፊት፣ እዚያ ቦታ ያስገባችሁ እርምጃ ላይ ነው።
- ቦርዱ ላይ ንጉሦቹን ጨምሮ 7 ወይም ከዚያ ያነሰ ጠጠር ሲቀር ሊቼስ የተሟላውን የኢንድጌም (የጨዋታ ማብቂያ) ሰንጠረዥ ያሳያችኋል። እዚያ ግምት የለም፤ ውጤቱ እስከ መጨረሻው የተሰላ ነው።

ደረጃ 5፦ ኢንጂኑን ጠይቁት

ኢንጂኑ ምክንያት አይነግራችሁም። ምክንያቱን የምታወጡት በተቃውሞ ነው። ኢንጂኑ ያቀረበውን እርምጃ አትጫወቱ፤ እናንተ የፈለጋችሁትን ተጫወቱና እንዴት እንደሚቀጣችሁ ተመልከቱ።

በእውነተኛ ምሳሌ እንሂድ። ነጭ ናችሁ፤ ኢ4፣ ጥቁር ኢ5። ፈረስ ኤፍ3፣ ፈረስ ሲ6። ቢሾፕ ሲ4። አሁን ጥቁር ፈረሱን ወደ ዲ4 ላከው። የኢ5 ወታደር ያለ ጠባቂ ቀረ። በሉት?

1. ደብተራችሁ ላይ "በነፃ ወታደር እበላለሁ" ብላችሁ ጽፋችኋል እንበል። ቦርዱ ላይ በፈረስ ኢ5ን ብሉ።
2. የኢንጂኑን መልስ እዩ፦ ንግሥት ጂ5። ይህች ንግሥት ኢ5 ላይ ያለውን ፈረስና የጂ2ን ወታደር በአንድ ጊዜ ታጠቃለች።
3. ሁለተኛውን ሐሳባችሁን ተጫወቱ፦ ፈረስ ኤፍ7ን ይብላ። ንግሥቲቱንና ኤች8 ያለውን ሩክ አንድ ላይ ያጠቃል። ያምራል አይደል?
4. መልሱ፦ ንግሥት ጂ2ን ትበላለች። ሩኩን ለማዳን ወደ ኤፍ1 ወሰዳችሁት። ንግሥት ኢ4ን በልታ ቼክ አለች። ቢሾፑን ኢ2 ላይ ጋረዳችሁ። ፈረስ ኤፍ3፤ ቼክሜት።
5. አሁን ራሳችሁን ጠይቁ፦ ኢ2 ያለው ቢሾፕ ለምን ፈረሱን አይበላም? በኢ መስመር ላይ ለንጉሡ ጋሻ ሆኖ ስለታሰረ።
6. ወደ ኋላ ተመለሱ። በፈረስ ኢ5ን ከመብላት ይልቅ ዲ4 ያለውን ፈረስ ብሉ። ጥቁር በወታደር መልሶ ይበላል፤ ነጭ ያለ ምንም ችግር ይሻላል።
7. አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ወጥመዱ ውስጥ ከገባሁ በኋላስ? ከንግሥት ጂ5 በኋላ ኢንጂኑ ቢሾፕ ኤፍ7ን በልቶ ቼክ እንዲል ይመክራል። በፈረስ መብላት ያስገድላል፤ በቢሾፕ መብላት ቢያንስ ያታግላል።

ልብ በሉ፦ "ፈረስ ኢ5 ስህተት ነው" የሚለውን ቀይ ምልክት ብቻ አይታችሁ ብትዘጉት ከዚህ ሁሉ አንዱንም አታገኙም ነበር። ጂ2 ደካማ መሆኑን፣ ንግሥት ሁለት ነገር በአንዴ እንደምታጠቃ፣ ጋሻ የሆነ ጠጠር መብላት እንደማይችል አታዩም። ሌላ ጨዋታ ላይ በሌላ መልክ የሚመጡት እነዚህ ናቸው።

የተጋጣሚው ሐሳብ ካልታያችሁ፦ ኮምፒውተር ላይ ኤክስ የሚለውን ፊደል ተጫኑ። ኢንጂኑ ተራው የተጋጣሚያችሁ ቢሆን ምን እንደሚጫወት ያሳያችኋል። "ይህን ለምን እንደተጫወተ አልገባኝም" ለምትሉት ሁሉ የመጀመሪያው መድኃኒት ይህ ነው።

ደረጃ 6፦ የማይጠቅማችሁን ምክር ጣሉ

ኢንጂኑ ትክክል ነው ማለት ምክሩ ለእናንተ ይሆናል ማለት አይደለም። በሦስት ወንፊት አሳልፉት።

1. በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት እችላለሁ? "ንጉሡን ስለሚያጋልጥ"፣ "ፈረሱ ጥሩ ቤት ስለሚያገኝ" በቂ ነው። "ኮምፒውተሩ ስላለ" አይቆጠርም።
2. ከዚያ በኋላ ስንት ብቸኛ እርምጃ ማግኘት አለብኝ? መስመሩን አራት አምስት እርምጃ ወደፊት ሂዱ። በየእርምጃው አንድ ብቻ ትክክለኛ መልስ ካለ ጣሉት።
3. ሁለተኛው መስመር ምን ያህል ያንሳል? በ0.3 ብቻ ካነሰና የሚገባችሁ ከሆነ ሁለተኛውን ያዙ። ግራንድማስተሮችም ሲዘጋጁ በሰሌዳው ላይ ሊያስታውሱት የሚችሉትን ነው የሚመርጡት።

አንድ ቦታ ላይ ኢንጂኑን ራሱን ጠርጥሩት፦ ወታደሮች ተቆላልፈው ቦርዱ በተዘጋበት ቦታ። +1.5 ወይም +2 ይላል፤ ግን መግቢያ በር የለም። ለመፈተን የኢንጂኑን ምርጥ እርምጃዎች ለሁለቱም ወገን አሥራ አምስት ጊዜ ያህል ወደፊት አስኬዱ። ጠጠሮቹ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ ቁጥሩ ካልጨመረ፣ ቦታው አቻ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ደረጃ 7፦ ቦታውን ተጫወቱት

ማየት አንድ ነገር ነው፤ ማድረግ ሌላ።

1. የተበላሸው እርምጃ ከመደረጉ በፊት ወዳለው ቦታ ተመለሱ።
2. ከሊቼስ ምናሌ "ከዚህ ቀጥል" የሚለውን መርጣችሁ ከኮምፒውተር ጋር ጀምሩ። ደረጃዎቹ ከ1 እስከ 8 ናቸው።
3. ቦታው ያሸነፋችሁበት ከሆነ 8ን ምረጡ። ስቶክፊሽን ከአንድ ሩክ ትርፍ ጋር ማሸነፍ ካቃታችሁ፣ ችግራችሁ ኦፕኒንግ ሳይሆን ያሸነፉትን መጨረስ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ይደነግጣል።
4. ቦታው እኩል ከሆነ ለራሳችሁ የሚመጥን ደረጃ ምረጡ።

የተዳከመ ስቶክፊሽ እንደ ሰው አይሳሳትም። አሥር እርምጃ እንደ ጌታ ተጫውቶ ድንገት ጠጠር ይጥላል። የሰው ዓይነት ስህተት የሚሠራ ተጋጣሚ ከፈለጋችሁ ሊቼስ ላይ ማያ የተባሉትን ቦቶች ሞክሩ። 1100፣ 1500 እና 1900 ገደማ ሬቲንግ ካላቸው ሰዎች ጨዋታ የተማሩ ናቸው።

ደረጃ 8፦ አንድ መስመር ጻፉ

ከአንድ ጨዋታ አንድ መስመር ብቻ። "በኦፕኒንግ የቀረበልኝን ወታደር ጂ2ን ሳላይ በላሁ።" "ንግሥት ከተለዋወጥን በኋላ ንጉሤን መሐል አላመጣሁም።" ቁጥር አትጻፉ፤ "−2.7 ሆነ" የሚል ማስታወሻ ከወር በኋላ ምንም አይነግራችሁም። አሥር መስመር ሲሞላ በአንድ ላይ አንብቡት። የተደጋገመው ነገር የሚቀጥለው ወር ልምምዳችሁ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ጨዋታው ሳያልቅ ኢንጂን አይከፈትም

በማንም ጨዋታ፣ "ለማየት ብቻ" ብላችሁም ቢሆን። ሊቼስም ቼስ ዶት ኮምም እርምጃዎቻችሁን ከኢንጂን ምርጫ ጋር እያነጻጸሩ አካውንት ይዘጋሉ። ሊቼስ ላይ በቀናት የሚካሄደው የደብዳቤ ጨዋታም ቢሆን ኢንጂን አይፈቀድም። በቦርድ ውድድር ደግሞ ስልክ ይዞ መገኘት ብቻውን ሽንፈት ሊያስከትል ይችላል። በ2019 ስትራስቡርግ ላይ አንድ ግራንድማስተር ውድድር መሐል ሽንት ቤት ውስጥ ስልክ ሲጠቀም ተይዞ የግራንድማስተርነት ማዕረጉን አጥቷል።

ሲበላሽ ምን ላድርግ?

*ቁጥሩ ይዘላል፤ አንዴ +1፣ አንዴ −0.5።* ውስብስብ ቦታ ነው። ጥልቀቱ ይጨምር። አሁንም ካልረጋ የመጀመሪያውን መስመር ሁለት እርምጃ ወደፊት ወስዳችሁ እዚያ ቆማችሁ ጠብቁ።

*ኢንጂኑ ጭራሽ አይነሳም፤ ብሮውዘሩም ይቆማል።* ማህደረ ትውስታው ሞልቷል። ሌሎች ገጾችን ዝጉ፤ ካልሆነ ከኢንጂን ምርጫዎቹ ውስጥ ቀለል ያለውን ስቶክፊሽ ምረጡ። ቀላሉም ቢሆን ለእኔና ለእናንተ ከበቂ በላይ ነው።

*የማይመስል ነገር ይላል።* ቦታውን በእጅ ከደረደራችሁት ተራውንና ካስትሊንጉን እንደገና ፈትሹ። በእጅ በተደረደረ ቦታ ኢንጂኑ ያለፉትን እርምጃዎች ስለማያውቅ በመደጋገም የሚመጣ አቻንም አይቆጥርም።

*ስልኬና የጓደኛዬ ላፕቶፕ የተለያየ እርምጃ መከሩ።* ጥልቀታቸውን አስተያዩ። ልዩነቱ ከ0.3 በታች ከሆነ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የገባችሁን ያዙ።

*የኢንጂኑን ኦፕኒንግ ተጫውቼ በ15ኛው እርምጃ ተደመሰስኩ።* ደረጃ 6 ተዘሏል። ያን መስመር ለጊዜው ተዉት፤ ሁለተኛውን መስመር ይዛችሁ ደረጃ 7ን በእሱ ላይ ሥሩ።

*አንድም ቀይ ምልክት የለም፤ ግን ተሸነፍኩ።* ቁጥሩ በትንሽ በትንሹ ወርዷል ማለት ነው። የግራፉን ቁልቁለት ፈልጉና ከ0 አካባቢ ተነስቶ −1.5 እስኪደርስ ያሉትን እርምጃዎች ብቻ ለይታችሁ አውጡ። አብዛኛውን ጊዜ እዚያ መሐል አንድ ሳያስፈልግ የተደረገ መለዋወጥ ወይም ሳይታሰብ የተገፋ ወታደር ይገኛል። ከተገፋው ወታደር ጀምሩ፤ እሱ ወደ ኋላ አይመለስም።